የሌሊት ወፍ ዝንብ ወደ ሰው ይመጣል ወይ?

  ይህን ንግግር በጽሑፍ ይዛችሁ በጣታችሁ እየተከተላችሁ የምታነቡት፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ዛሬ የምንነጋገረው ከአንድ ደብዳቤ ተነሥተን ነው። ደብዳቤው የመጣው ከዘነበወርቅ ነው። የጻፉት አንዲት እናት ናቸው። በገዛ እጃቸው ነው የጻፉት። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ አንዳንዱም ከመስመሩ ወጣ ብሏል። ሐሳባቸው ግን አንድም አልጠፋብንም።

እንዲህ ይላሉ። ቤታቸው የቆርቆሮ ክዳን አለው። ከኮርኒሱ በላይ የሌሊት ወፎች ገብተው ያድራሉ። ያድራሉ ስል ተሳሳትኩ፤ ይውላሉ ማለት ነበረብኝ። የሌሊት ወፍ ቀን ተኝታ የምትወጣው ሲመሽ ነው። ታዲያ አንድ ጠዋት አንዷ ሞታ በረንዳ ላይ ወድቃ አገኟት። በመጥረጊያ ሊገፏት ሲሉ ከፀጉሯ ውስጥ ሸረሪት የመሰለ ትንሽ ነገር ሮጦ ወጣ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ፣ «ይህ ቆዳ የሚያበላሽ ነው፤ ልጆቹ ላይ ይወጣል» አለ። ሌላው፣ «ኮርኒሱን በጭስ ነው፤ እምቢ ካለም በነጭ ጋዝ ማቃጠል ነው» አለ። እናትየዋ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያ ነገር ወደ ልጆቼ ይመጣል ወይ?»

አጭሩ መልስ፣ በልጆችዎ ላይ አይኖርም የሚል ነው። ግን አይኖርም ብቻ ብንል ጎረቤትዎ «አንተ ምን ታውቃለህ?» ይለናል። ስለዚህ ምክንያቱን እንየው።

መጀመሪያ፣ ያዩት ሸረሪት አይደለም። ሸረሪት ስምንት እግር አላት። ያ ነገር ግን ስድስት እግር ነው ያለው። ስድስት እግር ያለው ዝንብ ነው። ክንፍ የለውም እንጂ ዝንብ ነው። የሌሊት ወፍ ዝንብ እንለዋለን።

ክንፍ የሌለው ዝንብ አለ እንዴ? አዎ፣ አለ። በዓለም ላይ የሌሊት ወፍ ዝንብ ዓይነቱ ወደ 500 ይደርሳል። በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የአንደኛው ወገን ክንፍ የለውም፤ ሸረሪት ይመስላል። የሁለተኛው ወገን አብዛኛው ክንፍ አለው፤ እሱም ቢሆን ከመብረር ይልቅ መሮጥ ይወዳል። ኑሯቸው ሁሉ በሌሊት ወፍ ገላ ላይ ነው። ምግባቸው የሌሊት ወፍ ደም ብቻ ነው። ሌላ አይቀምሱም።

እንዲህ ያለውን ፍጡር ጥገኛ እንለዋለን። ቃሉን ቆም ብላችሁ አንብቡት። ጥገኛ። ተጠጋ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሌላው ላይ ተጠግቶ የሚኖር ማለት ነው። የሚጠጋበትን እንስሳ ደግሞ አስጠጊ እንበለው። እዚህ ላይ ዝንቡ ጥገኛ ነው፤ የሌሊት ወፏ አስጠጊ ናት። ወድዳ እንዳላስጠጋችው ግን ግልጽ ነው። በጥርሷና በእግር ጥፍሯ ፀጉሯን ስታበጥር ትውላለች። የያዘችውን ዝንብ ትገድለዋለች። እሱም ይህን ስለሚያውቅ አፈጣጠሩ ሁሉ ለማምለጥ ነው።

እስቲ አፈጣጠሩን እንየው። ትልቁ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። እግሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ጥፍር አለ። በፀጉር ውስጥ ሲሮጥ የሚዋኝ ነው የሚመስለው፤ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይፈጥናል። ገላው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰለፈ ጠንካራ እሾህ አለው። የሌሊት ወፏ ልትጎትተው ስትል እሾሁ ፀጉሯ ውስጥ ይሰካል፤ ወደ ኋላ አይላቀቅም። ከሁሉ የሚገርመው ጭንቅላቱ ነው። ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያስተኛዋል። ደም ሊጠጣ ሲል ብቻ ወደ ፊት ይዘረጋዋል። እኛ ነጠላችንን ትከሻችን ላይ ጣል እንደምናደርገው እሱ ራሱን ጣል ያደርጋል።

ከነዚህም የባሰ አለ። አንድ ዓይነት አለ፤ እናቲቱ ወደ ሌሊት ወፏ ቆዳ ሰርስራ ትገባለች። ከገባች በኋላ ክንፏን ትጥላለች። እግሮቿንም ትጥላለች። ከዚያ ወዲያ መሄድ የለ፣ መብረር የለ። እስከ ዕለተ ሞቷ እዚያው ተቀብራ ትኖራለች። ለመጠጋት ሲል እግሩን የሚጥል ጥገኛ! እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር።

አሁን ወደ ወሊዱ እንምጣ፤ ለእናትየዋ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የቤት ዝንብ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። የሌሊት ወፍ ዝንብ ግን እንቁላል አትጥልም። በሆዷ አንድ ልጅ ብቻ ታረግዛለች። እዚያው ሆዷ ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር እየመገበች ታሳድገዋለች። ልጁ ሲደርስ ከሌሊት ወፏ ገላ ትወርድና በዋሻው ግድግዳ ወይም በጣሪያው እንጨት ላይ ትወልደዋለች። የተወለደው ልጅ ወዲያው ይጠነክራል፤ ቡናማ፣ ክብ፣ ትንሽ ፍሬ ይመስላል። በዚህ ደረጃ ያለውን ሙሽሬ ይሉታል። ሙሽሬ አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይቆያል። እናቲቱ ተመልሳ ወደ ሌሊት ወፏ ትወጣለች።

ሙሽሬው ጊዜው ሲደርስ ይፈለፈልና አዲስ ዝንብ ይወጣል። ይህ ዝንብ ቶሎ የሌሊት ወፍ ካላገኘ አለቀለት። ያለ ደም ከአንድ ሁለት ቀን የሚያልፍ ዕድሜ የለውም። ስንቅ የለው፣ ሌላ ምግብ የለው። የሌሊት ወፎቹ መዋያቸውን ቀይረው ከሆነ ተወልዶ ባዶ ቤት ያገኛል።

ለዚህ ነው ዋሻ የሚስማማው። በዋሻ ውስጥ የሚውሉ የሌሊት ወፎች በዓመት በዓመት ወደዚያው ቦታ ይመለሳሉ። ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያየ ሰው ያውቀዋል። የወይብ ወንዝ ድንጋዩን ፈልፍሎ የሠራው ትልቅ ዋሻ ነው፤ የሌሊት ወፎችም ይኖሩበታል። ዛሬ በዚህ ዛፍ፣ ነገ በዚያ ቅጠል ሥር የሚውሉ የሌሊት ወፎች ላይ ግን ዝንቡ ያንሳል። መኖሪያውን የሚቀያይር አስጠጊ ለጥገኛ አይመችም።

በአገራችን ከ70 በላይ የሌሊት ወፍ ዓይነቶች አሉ። በአንድ ዋሻ ውስጥ ሦስት አራት ዓይነት ተጎራብተው ሊውሉ ይችላሉ። ታዲያ ዝንቦቹ አይደባለቁም ወይ ብትሉ፣ ብዙውን ጊዜ አይደባለቁም። አብዛኛው የሌሊት ወፍ ዝንብ የሚኖረው በአንድ ዓይነት የሌሊት ወፍ ላይ ብቻ ነው። ክንድ በማይሞላ ርቀት ሌላ ዓይነት የሌሊት ወፍ ተንጠልጥላ እያለች ወደ እሷ አይሻገርም። ቢሻገርም አይቀናውም። ያ ማበጠሪያ የመሰለው እሾህ የሚስማማው ለለመደው ፀጉር ነው። ደሙም የለመደው ደም ነው። ደግሞም የጋብቻ ጉዳይ አለ። ብቻውን ባዕድ ገላ ላይ የወጣ ዝንብ የሚያገባው አያገኝም፤ ዘሩ እዚያው ይቀራል።

እንግዲህ አስቡት። ከአንዷ የሌሊት ወፍ ወደ ጎረቤቷ የሌሊት ወፍ መሻገር ያቃተው ዝንብ በሰው ልጅ ገላ ላይ እንዴት ይኖራል? ፀጉራችን ሌላ፣ ደማችን ሌላ፣ ሙቀታችን ሌላ። የሌሊት ወፍ በእጃቸው ይዘው የሚመረምሩ ሰዎችን አልፎ አልፎ ነክሷል። ነክሷል፤ ግን አልኖረባቸውም፣ አልወለደባቸውም። እናትየዋ ያዩት ሮጦ የወጣውም ሰው ፍለጋ አይደለም። የሞተች የሌሊት ወፍ ገላ ይቀዘቅዛል። ቤቱ ሲቀዘቅዝበት መውጣቱ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብዬ ግን አልሸፍንባችሁም። ትኋንን ሁላችን እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ውስጥ ትኋን ያላየ ቤት ጥቂት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት የሰው ትኋን የጥንት አባቶቹ በሌሊት ወፍ ደም ይኖሩ ነበር፤ ወደ ሰው የተሻገረው ሰው ዋሻ ውስጥ ከሌሊት ወፍ ጋር ሲኖር ነው። ዛሬም በአውሮፓ በሌሊት ወፎች መዋያ የሚገኝ፣ ከቤት ትኋን ጋር አንድ ዘር የሆነ ትኋን አለ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ትኋን የሚኖረው ገላ ላይ አይደለም፤ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ሲመሽ ወጥቶ የተኛውን ይነክሳል። የተኛው ማን ይሁን ማን ብዙ አይመርጥም። የሌሊት ወፍ ዝንብ ግን ከገላ አይለይም።

የሌሊት ወፍ ዝንብን ማየት ያልቻለ ሰው ዘመዱን በግ ላይ ማየት ይችላል። ደጋ ላይ፣ ፀጉሩ የበዛ በግ ካላችሁ የአንገቱን ፀጉር ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ክንፍ የሌለው ነገር ሲሮጥ ታያላችሁ። ሰው መዥገር ነው ብሎ ያልፈዋል። ግን እግሩን ቁጠሩ። የጎለመሰ መዥገር ስምንት እግር አለው፤ ይህኛው ስድስት ነው። ይህም ዝንብ ነው። እሱም እንደ ሌሊት ወፍ ዝንብ አንድ አንድ እየወለደ ሙሽሬውን በጉ ፀጉር ላይ ያጣብቃል። በጉ ሲያሳክከው ይፋተጋል፣ ይነክሳል። ቆዳው ፋብሪካ ገብቶ ሲለፋ ነጠብጣብ ጉዳት ይወጣበታል። የቆዳ ፋብሪካ ሰዎች «እከክ» ይሉታል። ቅማልና ይህ ዝንብ ናቸው የሚያመጡት። እከክ ያለበት ቆዳ ዋጋው ይወድቃል። በጉን መሸለት ይጠቅማል፤ ሙሽሬዎቹ ከፀጉሩ ጋር ይወገዳሉና።

ሌላው ዘመዱ ግን አደገኛ ነው። በጊቤና በዲዴሳ ቆላዎች ከብት ያረባ ሰው ገንዲ የሚባለውን በሽታ ያውቃል። ገንዲን የሚያመላልሰው ፀፀ የሚባለው የቆላ ዝንብ ነው። ፀፀም እንቁላል አይጥልም፤ አንድ አንድ ልጅ ነው የሚወልደው። ነገር ግን ፀፀ ክንፍ አለው። ዛሬ ከአጋዘን፣ ነገ ከበሬ፣ ከነገ ወዲያ ከሰው ይጠጣል። ከብዙ ገላ ስለሚጠጣ ከአንዱ የወሰደውን ለሌላው ያደርሳል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሚያስፈራው ደም መጥባቱ ብቻ አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው መዘዋወሩ ነው። በነገራችን ላይ ፀፀ የሚወልደው አንድ አንድ መሆኑ ለሰው ጠቅሟል። ቃሊቲ ላይ ፀፀ እየተራባ፣ ወንዶቹ በጨረር እየመከኑ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተለቀዋል። ከመከነ ወንድ ጋር የተገናኘች ሴት አትወልድም። ከመጀመሪያውም ጥቂት የሚወልድ ዘር ይህን ጉዳት ቶሎ አይተካም።

አሁን ወደ ጎረቤትየው ንግግር ልመለስ። «ቆዳ የሚያበላሽ ነው» ብሏል። ይህ ቃል በሌላ ሰፈር ቢነገር እናልፈው ነበር። በዘነበወርቅ ግን አናልፈውም።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያውቁታል። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ነበር። ከየገጠሩ ሰዎች እየመጡ ታክመው በዙሪያው ሰፈሩ። ለምን አገራቸው አልተመለሱም? ብዙዎቹ የሚቀበላቸው አጥተው ነው። «ይጋባል» ተብሎ ሰው ከማዕድ ተለየ፣ ከእድር ተለየ፣ ልጁን የሚያገባለት አጣ። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው ማዕከል እዚያው ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተጨመረ። አርማወር ሐንሰን የኖርዌይ ሐኪም ነበር። የሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው እሱ ነው። እርግማን አይደለም፣ የዘር ጣጣም አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ነው።

ይህም ጥገኛ አስጠጊ ይመርጣል። ዋና አስጠጊው ሰው ነው። ሌሎች ተሕዋስያን በብልቃጥ ምግብ ተሰጥቷቸው ይራባሉ፤ ይህ ግን በብልቃጥ እምቢ ብሏል። ተመራማሪዎች ለማርባት የቻሉት በአይጥ መዳፍና አርማዲሎ በሚባል የአሜሪካ እንስሳ ገላ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው ሕክምና ካልጀመረ በሽተኛ ጋር ለረጅም ጊዜ በቅርብ ሲኖሩ፣ ከአፍንጫና ከአፍ በሚወጣ ፍንጣቂ ነው። ከመቶ ሰው ከ95 የሚበልጠው ገላው ራሱ ይከላከለዋል። መድኃኒት የጀመረ ሰው አያስተላልፍም። መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ሕመሙ ሁኔታ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ቆዳችሁ ላይ የደበዘዘ ወይም የቀላ ምልክት ወጥቶ፣ ሲነኩት ስሜት ከሌለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ያን ምልክት ያመጣው ግን የሌሊት ወፍ ዝንብ አይደለም። በሰፈሩ ሰው ላይ «ይጋባል» የሚል ወሬ ያደረሰውን ያየ ጎረቤት፣ ሌላ እንዲህ ያለ ወሬ ከመጀመሩ በፊት ቢጠይቅ ደግ ነበር።

ዝንቡን አትፍሩት ስል ግን የሌሊት ወፏን በእጃችሁ ያዟት ማለቴ አይደለም። ሁለቱን ለዩ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መግባቱ ተረጋገጠ። በአገራችን ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። ሰውም ገድሏል። የማርበርግ ቫይረስ በተፈጥሮ የሚኖረው በዋሻ በምትውል፣ ፍራፍሬ በምትበላ አንድ ዓይነት ትልቅ የሌሊት ወፍ ላይ ነው። ሰው የሚይዘው እነዚህ በበዙበት ዋሻ ወይም የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሲቆይ ነው። ከዚያ በኋላ ከታመመ ሰው ደምና ፈሳሽ ወደ ሌላው ያልፋል። በቤት ጣሪያ ሥር የሚውሉት ትንንሾቹ ግን አብዛኞቹ ትንኝና የእሳት እራት በሊታዎች ናቸው።

ታዲያ ሁሉንም ብንፈጅስ? ይህ በኡጋንዳ ተሞክሯል። ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2007 ቆፋሪዎች በማርበርግ ታመሙ። ከዚያ በኋላ በጉድጓዱ የነበሩት የሌሊት ወፎች ተፈጁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚያ ብዙም በማይርቀው በኢባንዳ ማርበርግ እንደገና ተነሣ። ተመራማሪዎች ሄደው ቢያዩ ጉድጓዱ ውስጥ አዳዲስ የሌሊት ወፎች ገብተዋል። በፊት ቫይረሱ የተገኘው ከመቶ በ5 ያህሉ ላይ ነበር። አሁን ግን ከመቶ በ13 ያህሉ ላይ ተገኘ። የሞቱትን የተኩት አዳዲሶቹ ቫይረሱን ይበልጥ ይዘው ተገኙ። ነጭ ጋዝ ያለው ጎረቤት ይህን ይስማ። ቆርቆሮ ክዳን ሥር እሳት መለኮስማ ቤቱን ነው የሚያቃጥለው፤ ይህን ለመናገር ተመራማሪ አያስፈልግም።

እናቴ፣ እርስዎ እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። የሞተችውን በእጅዎ አይንኩ። በአካፋ አንሥተው በጥልቅ ይቅበሩ፤ ልጆች አይቅረቡ። ሰው የነከሰች ወይም የቧጨረች እንደሆነ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠቡና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ነገ አይበሉ። የሚገቡበትን ቀዳዳ ለማግኘት ሲመሽ ውጭ ቆመው ይመልከቱ፤ አንድ በአንድ ሲወጡ ያያሉ። ቀዳዳው ላይ ከላይ ብቻ የታሰረ መረብ ወይም ጨርቅ ያንጠልጥሉ። እየገፉ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ግን መግቢያ ያጣሉ። ከጥቂት ሌሊት በኋላ በቆርቆሮ ይድፈኑት። መብረር ያልቻሉ ልጆች ካሏት ግን እስኪበሩ ይታገሱ፤ አለዚያ ውስጥ ሞተው ይሸቱብዎታል። ኩሷን በደረቁ አይጥረጉ። አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ በረኪና ባለበት ውሃ ያርሱት፣ ከዚያ ይጥረጉ።

ያኔ እንጨቱ ላይ የተለጣጠፉ ቡናማ ነጠብጣቦች ሊያዩ ይችላሉ። ሙሽሬዎቹ እነሱ ናቸው። ባይጠርጓቸውም ግድ የለም። ይፈለፈላሉ፣ ከላይ ወዲህና ወዲያ ይሮጣሉ፣ የሚፈልጉትን የሌሊት ወፍ ያጣሉ። በሁለተኛው ቀን ሞተዋል። ከኮርኒሱ በታች የተኙትን ልጆችዎን አያውቋቸውም።

ለሌሎቻችሁም ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን። ፊደሉ ከመስመር ቢወጣም እናነበዋለን። ደህና ሰንብቱ።